የአረቡ ድርሻ

ሦስት ነበሩ ወንድማማች፣ ሦስት ቀንበጥ ተቆረጠ፤
ከሐርቡ በላይ፣ ከፍልውሃው፣ ርስት በዕጣ ተመረጠ።
ለሰይዴ የወንዙ ዳር፣ ጥቁሩ መረሬ ወጣ፤
ለመካከለኛው ቀዩ፣ ከነሾላው፣ ከነጣጣ፤
ለታናሹ ለአባቴ ግን፣ ለአረቡ፣ ነጩ ደረሰው፤
«ድንጋይ ወረሰ» አሉ ሰዎች፤ ጎንበስ ብሎ አፈር ቀመሰው።

ነጭ ስል እንደ ጥጥ አይደል፣ እንደ ወተትም አይደለም፤
አመድ ውስጥ ያደረ አጥንት፣ ያሮጌ ግድግዳ ቀለም።
ስንዝር ብትቆፍር አፈር፣ ከስንዝር በታች ድንጋይ፤
እንደ ማር እንጀራ የተበሳ፣ ቀዳዳው ሰማይ የሚያሳይ።
ነሐሴን ሙሉ ቢዘንብ፣ ውሃው ቁልቁል ይወርዳል፤
ጎረቤት በጭቃ ሲዳክር፣ ማሳችንን ይጠማዋል።
በየዓመቱ ለቅመን ለቅመን፣ ድንጋዩን ከምረን ላጥር፣
በየዓመቱ ከማረሻው ስር፣ እንዳዲስ ይወለዳል ጠጠር።
«የዚህ መሬት ዘሩ ድንጋይ፣ ምርቱም ድንጋይ» ይል ነበር፣
ማረሻው ጮሆ በሬው ሲቆም፣ ላቡ ባገጩ ሲንቆረቆር።

ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነበት፤
ጅማቱ አረንጓዴ ቀርቶ፣ መሐሉን ወባ ገባበት።
አንዱ «ዓይን ነው» አለ፤ አንዱ «የወንድም ቅናት ነው» አለ፤
እናቴ ዘምዘም ዱአ አስደረገች፤ ቢጫው ባለበት ዋለ።

ከዚያ ሉባባ መጣች፤
ከደሴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጫማዋ አቧራ የለመደ፣
ትንሽ ጠርሙስ በኪሷ።
አንድ ጓል አነሳች፤
አንድ ጠብታ ጣል አደረገችበት።
መሬቷ ትስስስ አለች፤ አረፋ ደፈቀች።
አባቴ ወደኋላ ሸሸና
«ወላሂ ተናገረች!» ብሎ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ብረቱስ አለ፤ ጎተራው ሙሉ ነው፤
ኖራው ነው ቁልፉን ይዞ የከለከለው።
ፍልውሃው ድሮ እዚህ ነበር፤ እየፈለቀ፣ እየደረቀ
ድንጋይ ሆነ፤ ድንጋዩም በፀሐይ በዝናብ ደቀቀ።
የሚያርሱት የምንጭ አጥንት ነው።
ፍግ ይጨምሩበት፤ ሽንብራ ይሞክሩበት።»

እሱ ግን የያዘው ሌላውን ነገሯን ነው፦
ከዓባይ ማዶ አፈሩ ኮምጥጦ
ገበሬው ኖራ በኩንታል ይገዛል ያለችውን።
«ይገዛል?»
«ይገዛል።»
ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣ፤
ድህነቱን በኩንታል ሲያባዛ ይነጋበታል።

ዘምዘም ድስቷን ዘቅዝቃ፣
ውስጡ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት በቢላ ፋቀችና
በእፍኟ አሳየችው፦
«የምንጩን ውሃ ባፈላሁ ቁጥር ይሄን ነው የማገኝ።
ማሳህ ምድጃዬ ላይ እየተወለደልህ ነው፤
ታገሥ፤ በሺህ ዓመት አንድ ጥማድ አደርስልሃለሁ።»

አንድ ቀን ድንጋይ ስንፈነቅል ተሰነጠቀ፤
ውስጡ ቅጠል። ቅጠሉ የለም፣ ቅርጹ ብቻ።
በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጅማቱ አንድ ባንድ ይቆጠራል።
«ያኔ የማን ማሳ ነበር?» አልኩት።
«የማንም» አለ፤ «ገና ዕጣ ሳይጣል።»

ሀብታም አልሆነም። ሽንብራው አንዳንድ ዓመት አዘነለት፤
ቢጫው አልጠፋም፤ ድንጋዩም መወለድ አልታከተው።
ግን ከዚያ ወዲህ፣ ማታ በሬ ሲፈታ፣
ከባቲ ገበያ ያመጣትን ሎሚ በጥርሱ ከፍቶ
ጓል ላይ ይጨምቃል፤ ጆሮውን ያስጠጋል።
«ምን አለችህ?» ትለዋለች ዘምዘም ከደጅ።
«ቅር ብሏታል» ይላል። ወይ «ነገ ይዘንባል።» ወይ ዝም።

ሲሞት መቃብሩም ያው ነጩ ጉብታ ላይ ሆነ።
ዶማው እየነጠረ ይመለሳል፤ ቆፋሪዎቹ ተማረሩ፤
«ዕድሜ ልኩን እምቢ አለችው፣ ዛሬም እምቢ» አለ አንዱ።
ሰይዴ፣ የጥቁሩ መሬት ባለቤት፣
ዶማውን ተቀብሎ ሳይናገር ቆፈረ።

በአርባው ብቻዬን ሄድኩ።
ከራስጌው ጓል አነሳሁ፤ ሎሚዋን ጨመቅኩ።
ትስስስ አለ፤ አረፋው ወጣ፣ ፈነዳ፣ ቀረ።
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
እናቴ ለካ ከኋላዬ ቆማለች።
«ምን አለሽ?» አለችኝ።